አሮጌ ሞቶ ጉዚ ባሕር ዳር ላይ ብታገኙ፦ ማንነቷን ከማጣራት እስከ ማስነሳት

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ያመጣቸው መኪኖችና ሞተር ሳይክሎች ሁሉ ተመልሰው አልሄዱም። የመጨረሻው ትልቅ የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ጎንደር ላይ፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው፤ የጣና ዳርቻ ደግሞ ለዚያ ጦር ጓሮው ነበር። ስለዚህ ባሕር ዳርም ሆነ ጎርጎራ፣ ከቆርቆሮ ጥግ ወይም ከእህል ጎታ ጀርባ ሲሊንደሯ ወደ ፊት የተኛ፣ ዝገት የዋጣት ሞቶ ጉዚ የምትባል የጣሊያን ሞተር ሳይክል ብትገጥማችሁ የማይሆን ነገር አይደለም።

እንዲህ ያለች ሞተር ሳይክል ስትገኝ አብሯት የሚመጣ ወሬ አለ፦ «የውድድር ናት ይባላል»። ይህ ወሬ ብዙ ጥፋት ያስከትላል። ባለቤቱ ዋጋ ይሰቅላል፣ ገዢው ያለ ማጣራት ይከፍላል፣ መካኒኩ ደግሞ «ውድድር እንድትመስል» ብሎ የቀራትን እውነተኛ አካል ቆርጦ ይጥላል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ታሪኳን መጀመሪያ ከብረቷና ከወረቀቷ አንብቡ፣ መፍቻ የምታነሡት ከዚያ በኋላ ነው። ከታች የምጠቅሳቸው የፋብሪካና የውድድር ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ እጅ መሰብሰብ

ሞተር ሳይክሏን ካለችበት ሳታናውጡ ፎቶ አንሡ። ከአራቱም አቅጣጫ ካነሣችሁ በኋላ ጠጋ ብላችሁ እያንዳንዱን ጽሑፍ፣ የታርጋ ቁራጭ፣ የተላጠ ቀለምና የጎደለ ቡሎን ለየብቻ አንሡ። መሬት ላይ የወደቀ ዳዶ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ብረት ካለ የተገኘበትን ቦታ ጽፋችሁ በፌስታል ቋጥሩት። ያ «ቁርጥራጭ» በኋላ ፋብሪካው ባለበት በማንዴሎ እንኳ የማይገኝ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

ማስነሻ ፔዳሏን አትርገጡ። «እስኪ ትዞር እንደሆነ» የሚል ጎረቤት አይጠፋም፤ አክብራችሁ ከልክሉት። ለዓመታት የቆመ ሞተር ፋሻዎቹ (የፒስቶኑ ቀለበቶች) ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ተጣብቀዋል። በጉልበት ሲረገጥ ፋሻው ይሰበራል፣ ስባሪው ሲሊንደሩን ይፍቃል፣ ወይም የተጣበቀ ቫልቮላ ይጎብጣል። በዘይትና በትዕግሥት ይድን የነበረው ሲሊንደር ቶርኖ ቤት ይገባል። ውኃም አታርከፍክፉባት፤ ከጭቃው በታች ያለው የቀለም ቅሪት ማስረጃ ነው።

ቀጥሎ ባለቤቶቹን አነጋግሩ፤ መልሱን ግን አታጉርሷቸው። «እማማ፣ ይቺ የውድድር ሞተር ነበረች አይደል?» ካላችኋቸው እንግዳ አክባሪ ናቸውና «አዎ ልጄ» ይሏችኋል። ይልቅ «እማማ፣ መጀመሪያ ሲነዳት የሚያስታውሱት ማንን ነው? ከማን እጅ ተገዛች? ማርሹን የሚቀይሩት በእጅ ነበር በእግር?» በሏቸው። የመጨረሻዋን ጥያቄ አትርሷት። ሰው የሞተር ሳይክል ስም ሊረሳ ይችላል፤ አባቱ ማርሽ ሲቀይር እጁን ከማኑብሪው አንሥቶ ወደ ታንከሩ ጎን ይልክ እንደነበር ግን አይረሳም። ለምን እንደሚጠቅም ከታች ታዩታላችሁ። ከዚያ የድሮ ሊብሬ፣ የሽያጭ ውል፣ የመለዋወጫ ደረሰኝ፣ በሣጥን የተቀመጠ ፎቶ ካለ እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። እዚያው ፎቶ አንሥታችሁ ዋናውን ለባለቤቱ መልሱ።

2. ዘሯን ከአካሏ መለየት

ሲሊንደሩን እዩ። በዚያ ዘመን የጉዚ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር መሬት አግድሞ፣ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ራስ) ወደ ፊት ጎማ አዙሮ ይተኛል። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ የያዛችሁት ምናልባት የጊሌራ ወይም የቢያንኪ የጦር ሞተር ሳይክል ነው፤ ደግ ነገር ነው፣ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በግራ በኩል ደግሞ ከካርተሩ (ከሞተሩ የብረት ቤት) ውጭ የሚታይ፣ እንደ ምጣድ ሰፊ የሆነ ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከር ከባድ ክብ ብረት) ይኖራል። የተኛ ሲሊንደርና የተጋለጠ ቮላኖ አንድ ላይ ካያችሁ ጉዚ ስለመሆኗ ብዙ አትጠራጠሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። ሲሊንደሩን በካሊፐር ለክቶ 88 ሚሊ ሜትር ሲያገኝ፣ የፒስቶኑን ምት ደግሞ 82 ሚሊ ሜትር ሲያገኝ፣ «የውድድሩ 500 ሲሲ እኮ ነው» ብሎ ይዘላል። ልኩ እውነት ነው፤ ኮንዶር የሚባለው የታወቀ የጉዚ የውድድር ሞተር ልኩ ይኸው ነው። ግን በ1921 የወጣችው የመጀመሪያዋ ጉዚም፣ ለጣሊያን ሠራዊት የተሠራችው ጂቲ 17ም፣ ከጦርነቱ በኋላ የመጣችው ፋልኮኔም ልካቸው 88 በ82 ነው። ፋብሪካው ይህን ልክ ከሃምሳ ዓመት በላይ ይዞት ቆይቷል። ስለዚህ ልክ ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ምስክሩ ቫልቮላው ነው። በጂቲ 17 እና እሷን በተካችው አልቼ ላይ አስወጪው ቫልቮላ ቴስታታው ላይ፣ አስገቢው ግን ከሲሊንደሩ ጎን ነው የተቀመጠው። ከውጭ ስታዩት ወደ ቴስታታው የሚሄደው የግፊት ዘንግ አንድ ብቻ ይሆናል። በኮንዶር ላይ ሁለቱም ቫልቮላዎች ቴስታታው ላይ ስለሆኑ ዘንጎቹ ሁለት ናቸው። ባትሪ ይዛችሁ ቁጠሩ። አንድ ዘንግ ካለ ጥያቄው ተዘጋ፤ ኮንዶር አይደለችም። ሁለት ካሉም ገና አትጨፍሩ፤ አንዳንድ የሲቪል ሞዴሎችም ሁለት ዘንግ ነበራቸው።

ማርሹም እንዲሁ ይናገራል። የሠራዊቶቹ ማርሽ ከታንከሩ ጎን በቆመ የእጅ ዱላ ይቀየራል፤ ጂቲ 17 ሦስት ማርሽ፣ አልቼ አራት ማርሽ አላቸው። የኮንዶር በእግር ነው። እማማን የጠየቃችኋቸው ለዚህ ነበር።

3. የውድድር ታሪኳን ከቀን ጋር ማስተያየት

ሞቶ ጉዚን በ1921 ያቋቋሙት ካርሎ ጉዚና ጆርጂዮ ፓሮዲ ናቸው። ሦስተኛ ጓደኛቸው አብራሪው ጆቫኒ ራቬሊ ኩባንያው ከመቋቋሙ በፊት በ1919 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ ታንከሩ ላይ ያለው ክንፉን የዘረጋ ንስር ለእሱ መታሰቢያ ነው። ፋብሪካው የሚገኘው ማንዴሎ ዴል ላሪዮ፣ ኮሞ ሐይቅ ዳር ነው። ገና በተቋቋመበት ዓመት ጂኖ ፊንዚ ታርጋ ፍሎሪዮ በሚባለው ውድድር አሸነፈላቸው። ውድድር ለዚህ ፋብሪካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሥራው አካል ነበር።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን 1935 ነው። በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው የማን ደሴት፣ ቲቲ በሚባለው ውድድር፣ አየርላንዳዊው ስታንሊ ዉድስ በጉዚ 250 ሲሲ ቀላሉን ክፍል ካሸነፈ በኋላ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደሩን 500 ይዞ ለዋናው ውድድር ቀረበ። ዙሩ ሰባት ነው፤ አንዱ ዙር 60 ኪሎ ሜትር ያህላል። የመጨረሻው ዙር ሲጀመር የእንግሊዙ ፋብሪካ የኖርተን ነጂ ጂሚ ጋትሪ በ26 ሰከንድ ይመራ ነበር። የጉዚ ሠራተኞች ቤንዚን ለመቅዳት እንደሚዘጋጁ ሆነው ታዩ፤ የኖርተን ሰዎችም ዉድስ መቆሙ አይቀርም ብለው ለጋትሪ ቀስ በል የሚል ምልክት ሰጡት። ዉድስ ግን ሳይቆም አለፈ። ጋትሪ ቀድሞ ገብቶ እንደ አሸናፊ እየተጨበጨበለት ሳለ የዉድስ ሰዓት ሲሰላ በ4 ሰከንድ በልጦ ተገኘ።

ያ ድል እኛ ጋ ካሉት ብረቶች ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ። በዚያን ጊዜ ብዙ አምራቾች የኋላ ጎማ በሞላ ላይ ከተቀመጠ ሞተር ሳይክሉ ይንቀጠቀጣል፣ ለውድድር አይሆንም ይሉ ነበር። የካርሎ ወንድም ጁሴፔ ጉዚ በሞላ የሚወዛወዝ የኋላ ቴላዮ (የሞተር ሳይክሉ አጽም) ሠርቶ በ1928 እስከ አውሮፓ ሰሜናዊ ጫፍ ነዳው። በ1935 የዉድስ ሞተር ሳይክልም የኋላ ሞላ ነበራት፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ አበቃ። አሁን ጎንበስ ብላችሁ ከሞተሩ በታች እዩ፤ በሠራዊቷ ጂቲ 17 ላይ ረጃጅሞቹ ሞላዎች እዚያ በአግድም ተኝተዋል፣ ወደ ኋላው ቴላዮ በዘንግ ይያያዛሉ። ለልጆቻችሁ «ውድድሩን ያሸነፈው ሐሳብ ይኸውላችሁ» ብላችሁ ብታሳዩ አልዋሻችሁም።

በ1937 ኦሞቦኖ ቴኒ በጉዚ 250 ቲቲን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጣሊያናዊ ሆነ። ከውድድር ሞዴሎቹ ኮንዶር ከ1938 እስከ 1940፣ ዶንዶሊኖ ከ1946 ጀምሮ ተሠሩ። በ1949 የዓለም ሻምፒዮና ሲጀመር ብሩኖ ሩፎ የ250ውን ዋንጫ ለጉዚ ወሰደ። በ1957 መጨረሻ ፋብሪካው ከታላላቅ ውድድሮች ሲወጣ የማን ደሴት ድሎቹ 11 ደርሰው ነበር።

እነዚህን ዓመታት ከአገራችን ታሪክ ጎን አስቀምጧቸው። ጣሊያን በሰኔ 1940 (ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ጦርነት ስትገባ የስዊዝ ቦይ ለመርከቦቿ ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ ሞተር ሳይክል ጭኖ ምጽዋ የሚደርስ የለም። ስለዚህ «ከጣሊያን ጦር የቀረች ዶንዶሊኖ» የሚላችሁ ሰው ቀኑ ራሱ አይፈቅድለትም። አልቼ በ1939 ስለጀመረች ለመግባት የነበራት ጊዜ አጭር ነው። ከ1932 እስከ 1939 የተሠራችው ጂቲ 17 ግን በጊዜውም በሥራዋም ትገጥማለች። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የምጠብቀው እሷን ነው። ጉልበቷ 13 ፈረስ ገደማ ነው፤ የኮንዶር 28 ነበር።

ኮንዶር ናት የሚል ክርክር ከቀጠለ አንድ ቀላል ምርመራ አለ። የኮንዶር ካርተር ኤሌክትሮን ከሚባለው የማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ነው። በማይታይ ቦታ የጥፍር ጫፍ የምታህል ሥፍራ በብርጭቆ ወረቀት አጽድታችሁ አንድ ጠብታ ኮምጣጤ አድርጉበት። ማግኒዚየም ከሆነ ወዲያው አረፋ ያወጣል፤ አሉሚኒየም ዝም ይላል። ወዲያው በውኃ፣ ቀጥሎ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። አረፋ ካያችሁ ያንን ካርተር ሞርሳ ውስጥ አስገብታችሁ በመፍጫ ማሽን አትንኩት፣ ብየዳም አታስጠጉት። የማግኒዚየም ብናኝ ይነዳል፤ ውኃ ቢደፋበት ይብስበታል።

4. ቁጥሯና ወረቀቷ

የሞተር ቁጥሩን ካርተሩ ላይ፣ የቴላዮ ቁጥሩን በመሪው አንገት አካባቢና በኋላው የቴላዮ መጋጠሚያዎች ላይ ፈልጉ። ቁጥሩን በብረት ብሩሽ አትፈትጉ። ነጭ ጋዝ ያረጠበ ጨርቅ ለአንድ ሌሊት ጠቅልላችሁ ጭቃውን አለስልሱ፤ በእንጨት ስንጥር አውጡ፤ ከዚያ ጠመኔ ቀብታችሁ ላዩን በመዳፍ ስትጠርጉት ነጩ በተቀረጸው ውስጥ ይቀራል። ባትሪውን ከጎን አጋድማችሁ አብሩ፤ ፊት ለፊት ስታበሩ የማይታየው 3 እና 8 ያኔ ይለያያል። ቁጥሩ ዙሪያ የፋይል ጭረት ካለ፣ ወይም አንዱ አኃዝ ከሌላው ዘመም ካለ፣ ያንንም ፎቶ አንሡት።

የጽሑፍ ማስረጃ ለማግኘት ማንዴሎ ላለው የፋብሪካው ሙዚየም ወይም ለጣሊያን የአሮጌ ተሽከርካሪዎች ማኅበር፣ ኤኤስአይ ለሚባለው፣ ፎቶዎቹንና ሁለቱን ቁጥሮች መላክ ይቻላል። የምትጽፉት ደብዳቤ «የውድድር ሞተር አግኝተናል» አይበል። «ይህ ቁጥር የየትኛው ሞዴልና ዓመት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። የሚመጣው መልስ ያኔ ንጹሕ ይሆናል። በጣሊያን ራሱ ከተራ ሞዴል ተቆርጠው «ኮንዶር» ወይም «ዶንዶሊኖ» የተባሉ ስላሉ፣ ባለሙያዎቹ የተጋነነ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ይጠራጠራሉ።

የውጭ ገዢ ቢመጣ አትቸኩሉ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። ሞተር ሳይክሏ ቅርስ ትባል አትባል የሚወስነው የቅርስ ባለሥልጣን እንጂ ደላላ አይደለም። የክልሉን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ውል የምትፈርሙት ከዚያ በኋላ ይሁን።

5. የተጣበቀውን ሞተር ማላቀቅ

ለሌላ ሞተር የሚሠራው ዘዴ እዚህ ላይ ግማሹን ብቻ ይሠራል። የተለመደው ካንዴላ አውጥቶ ዘይት መሙላት ነው። ሲሊንደሩ ቆሞ ቢሆን ዘይቱ ፒስቶኑ ላይ ይተኛና ዙሪያውን ይሰርጋል። የጉዚ ሲሊንደር ግን አግድም ስለሆነ ዘይቱ በታችኛው ግድግዳ ብቻ ይቀመጣል፤ የላይኛው ግማሽ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። መካኒኩ ሳምንት ጠብቆ ሲሞክራት እንቢ የምትለው ለዚህ ነው።

መፍትሔው አፍንጫዋን ማንሣት ነው። ታንከሩንና የእሳት ሽቦዎቹን ካወጣችሁ በኋላ፣ ከፊት በኩል ያለውን ቴላዮ በጠንካራ ገመድ አስራችሁ ከጣሪያ ወራጅ ወይም ከማንጎ ቅርንጫፍ ጋር ሦስት ሆናችሁ ወደ ላይ ሳቧት። የኋላ ጎማዋ መሬት ላይ ሆኖ ቴስታታው ሰማይ እስኪያይ ድረስ ቀጥ ማለት አለባት። በሁለቱም ጎን በእንጨት ደግፉ፤ ገመድ ብቻውን አይታመንም። ከመነሣቷ በፊት የሞተር ዘይቱን አፍስሱ፣ ባትሪ ካላትም አውጡ።

አሁን በካንዴላው ቀዳዳ እኩል ናፍታና የካምቢዮ ዘይት ቀላቅላችሁ አፍስሱ። በአንዱ ቫልቮላ በኩል ሊያንጠባጥብ ይችላል፤ ሥሩ ጣሳ አድርጉ፣ ሲጎድል ጨምሩ። በየቀኑ ጠዋት ማርሹ ነፃ ላይ ሆኖ ቮላኖውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሞክሩ። የተጋለጠ ቮላኖ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ኮሎውን (ፒስቶኑ የሚያዞረውን ዘንግ) በቀጥታ ታገኙታላችሁ። የእጅ ጉልበት ይበቃል። በቮላኖውና በካርተሩ መካከል ፈርጎ የሚያስገባ ሰው ካርተሩን ይሰነጥቀዋል፤ ለዚያ ካርተር መተኪያ ባሕር ዳር ቀርቶ አዲስ አበባም የለም። የኋላ ጎማውን በማርሽ አስገብቶ መግፋትም የካምቢዮውን ጥርስ ይበላል።

መጀመሪያ የሚሰማችሁ የፀጉር ያህል እንቅስቃሴ ነው። ያኔ አትቸኩሉ፤ ወደ ኋላ መልሱ፣ ዘይት ጨምሩ፣ በማግሥቱ ቀጥሉ። ሁለት ሳምንት ሞልቶ ምንም ካልተንቀሳቀሰች ቴስታታውን መክፈት ይሻላል።

6. ማጽዳትና ከሐይቁ እርጥበት መጠበቅ

ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፤ ካርተሩ አጠገብ አይድረስ። ነጭ ጋዝ፣ የጥርስ ብሩሽና ያረጀ ካናቴራ ይበቃሉ። ቀለሙን ሙሉ በሙሉ ከመላጣችሁ በፊት ከታንከሩ ሥር ወይም ከመቀመጫው በታች፣ ሳንቲም የምታህል ቦታ በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያራሳችሁ ቀስ ብላችሁ ፍቁ። ቀለሞቹ እንደ ዛፍ ዓመት ክበብ ሆነው ይወጣሉ፤ ከሥር የጦሩ ግራጫ አረንጓዴ ወይም አሸዋማ ቀለም ካለ፣ ያ ራሱ የሕይወት ታሪኳ ነው። እኔ የመጀመሪያው ቀለም ግማሹ እንኳ ካለ አዲስ ቀይ እንዲቀባ ፈጽሞ አልመክርም።

ባሕር ዳር ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ግድግዳው ራሱ ያልባል። በላስቲክ መጠቅለል ከዝናብ ያስጥላል፣ ግን እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ያዘገዋል። በአቡጀዲ ሸፍኗት፤ ከአፈር ወለል ላይ በጡብና በሳንቃ ከፍ አድርጓት፤ ማርሚታውንና የካርቡራቶሩን አፍ በዘይት በራሰ ጨርቅ ድፈኑ፣ አለበለዚያ አይጥና ተርብ ቤት ይሠሩበታል።

7. ማስነሳት

የዘይት ጋኑ ከሞተሩ ተለይቶ ነው የተቀመጠው። አውጡትና ታችኛውን አተላ እስኪጠራ እጠቡት፤ ቱቦዎቹንም በአየር ንፉ። በአተላ ላይ አዲስ ዘይት መጨመር አተላውን ወደ ቢዬላው (ፒስቶኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) ኩሽኔታ መላክ ነው። ባለ አንድ ቁጥር 40 ዘይት ለዚህ ሞተር ይስማማዋል። ቤንዚን አያስቸግርም፤ እነዚህ የጦር ሞተሮች ግፊታቸው ከ5 ለ 1 በታች ስለሆነ የማደያው ተራ ቤንዚን ይበቃቸዋል።

ከፍታው ግን ይቆጠራል። ማንዴሎ ከባሕር ጠለል 200 ሜትር ገደማ ነው፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር። የአየሩ ግፊት አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ ስለዚህ እዚያ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ጥቁር ጭስ ካወጣችና ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰ፣ መርፌ ያለው ካርቡራቶር ከሆነ ክሊፑን አንድ ቦይ ወደ ላይ አንሡት፤ መርፌው ዝቅ ይልና ቤንዚኑ ይቀንሳል። የካንዴላው ጫፍ የተቆላ ቡና መጀመሪያ ላይ የሚይዘውን ቡናማ ሲይዝ ልክ መጥቷል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስነሡ የእሳቱን ማንሻ ማኑብሪው ላይ ወደ ዘገየው ጎን መልሱ። ይህን የረሳ ሰው ፔዳሉ መልሶ ይመታውና ቁርጭምጭሚቱ ይሰበራል። ጠንካራ ጫማ አድርጉ። ካርቡራቶሩን በጣት ጫን ጫን አድርጋችሁ ቤንዚኑ ሲሞላ፣ ፔዳሉን በቀስታ እስኪከብዳችሁ አውርዱ፣ የቫልቮላ ማንሻውን ይዛችሁ ከግፊቱ ትንሽ አሳልፉት፣ ማንሻውን ልቀቁና በሙሉ እግር እስከ ታች ርገጡ። እንደተነሣች የዘይት ጋኑን ክዳን ከፍታችሁ የሚመለሰው ዘይት መፍሰሱን እዩ። ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ካልታየ አጥፉ።

የመጀመሪያውን ጉዞ ከሽምብጥ ሰፈር ወደ መሃል ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ አታድርጉት፤ ባጃጅ ይበዛል፣ የእነዚህ ሞተር ሳይክሎች ፍሬንም ደካማ ነው። እሑድ ጠዋት ጭር ባለ ሜዳማ መንገድ ላይ፣ በሁለተኛ ማርሽ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይበቃል። ስትመለሱ ዘይቱን ገና ትኩስ ሳለ አፍስሳችሁ በነጭ ጨርቅ አጥልሉት። ግራጫ ቅባት ብቻ ከቀረ አዲስ ዘይት ሞልታችሁ ቀጥሉ። ወርቃማ ብልጭታ ወይም የብረት ስንጥር ካያችሁ ግን አትንዷት፤ የቢዬላው ኩሽኔታ አልቋልና ሞተሩን አውርዳችሁ ክፈቱት።